ጥጥ ነዳፊው ሸይኽ ቡሽራ

ቡሽራ ጥጥ ነዳፊ ነበር። በናዝለት ሩማንም ሆነ ከመስኖው ቦይ ማዶ ባሉት መንደሮች ሴት ልጁን የሚድር ሰው ሁሉ ሙሽራው ከታወቀ በኋላ የልጁን ፍራሽ እንዲሰራ መጀመሪያ የሚያስጠራው እሱን ነው። ደጋኑን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ የእንጨት መዶሻውን ወገቡ ላይ ሽጦ ይመጣና ግቢው መሀል ሰሌን አንጥፎ ይቀመጣል። የደጋኑ አውታር ድም ድም ማለት ሲጀምር ሴቶቹ ከበውት ይዘፍናሉ፤ እሱም ከዘፈኑ መሀል የራሱን ስንኝ ጣል እያደረገ ያስቃቸዋል። ከሁሉ የበለጠ የሚስቀው ግን ራሱ ነው። ሳቁ ከሆዱ ተነስቶ ትከሻውን እየናጠ ሲወጣ አጥር አያግደውም። ቦይ ዳር ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች፣ ቡሽራ ዛሬ ማን ቤት ፍራሽ እየሰራ እንደሆነ በሳቁ ነበር የሚያውቁት።

ይህ ሳቅ አንድ ጊዜ መዘዝ አምጥቶበታል። ቡሽራ በመንደሩ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያደገ ሰው ነው። አንድ እሁድ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሸይኽ ዘኻሪ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጸሎት ሲጸልዩ፣ አንዲት ዶሮ በጎን በር ገብታ በሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ልክ የሳቸው ቦታ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች። ቡሽራ አፉን በሁለት እጁ ያዘ፤ አልሆነም። ሳቁ ፈንድቶ ጸሎቱ ሳያልቅ አሜን ተባለ። ሸይኽ ዘኻሪ በባቡር ጣቢያ ኃላፊነት ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የኪስ ሰዓታቸውን ሳያዩ ውሃ እንኳ የማይጠጡ ሰው ናቸው። ዶሮዋን ይቅር አሏት፤ ቡሽራን ግን ለዓመታት በጎሪጥ ነው ያዩት።

በዚያ አገር ወንጌላውያን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌያቸውን ሸይኽ ይሉታል። የመስጊዱም ሰው ሸይኽ፣ የእነሱም ሰው ሸይኽ ነው፤ ማንም ግራ አይጋባም። ከእነዚህ ሸይኾች አንዱ፣ አዛውንቱ አርማንዮስ፣ በሸንኮራ አገዳ ቆረጣ ወራት አረፉና ቦታቸው ባዶ ቀረ። ወጣቱ ቄስ ረኡፍ ከእሁድ አምልኮ በኋላ ምእመናኑን አስቀርቶ አዲስ ሽማግሌ እንዲመርጡ ጠየቀ።

የሚመረጥ ሰው ግን ጠፋ። ምክንያቱም ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሁለት ተከፍላ ነበር። ሻኪር ገጣስና ናጊ ገጣስ የአንድ አባትና እናት ልጆች ናቸው፤ ግቢያቸውም የተያያዘ ነው። አባታቸው ሲሞት መሬቱን ያለ ክርክር ተካፈሉ፤ የርግብ ግንቡ ለታላቁ ለሻኪር ደረሰ። ናጊም ከአጥሩ ወዲህ የራሱን ግንብ በጭቃና ለርግቦቹ ጎጆ በሚሆን ገንቦ አሰራ። በዚያው ዓመት የሻኪር ርግቦች አንድ በአንድ ጓዛቸውን ጠቅልለው አዲሱ ግንብ ውስጥ ገቡ። ሻኪር፣ ወንድሜ ገንቦውን ማር ቀብቶ አማለላቸው አለ። ናጊ፣ ርግብም ዓይን አላት፣ ቤት ታማርጣለች አለ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ቀረ። እሁድ እሁድ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ይቀመጣል። ዘመድ ወዳጁም እየተከፈለ ከየወገኑ ጋር ሆነ። የጌታ እራት በሚቀርብበት እሁድ ሁለቱም እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ ሌላውም እነሱን እያየ ይሰበስባል። የዳቦው ሳህን እንደ ሞላ ወደ ጠረጴዛው ይመለስ ጀመር።

እናም በምርጫው ቀን በቀኝ በኩል አንድ ስም ሲጠራ በግራ በኩል ይሳላል። በግራ ሲጠራ በቀኝ ያጉረመርማል። ቄስ ረኡፍ ላቡን ጠረገ።

ከኋላ የተቀመጠችው መበለቷ ዋዲዳ ሰለቻት። «ቆስጣዬ ምድጃ ላይ ነው፤ ሊያርርብኝ ነው» አለች ጮክ ብላ። «ቡሽራን አድርጉትና እንሂድ። የሁለቱንም ቤት ፍራሽ ሰርቷል፤ አንዱንም ከሌላው አላሳነሰ።»

ቡሽራ ከሁሉ ቀድሞ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። ዙሪያውን ሲያይ ግን በቀኝም በግራም እጅ ወጥቷል፤ ሻኪርም አውጥቷል፣ ናጊም።

ቤቱ እንደገባ ጫማውን ሳያወልቅ፣ «እምቢ እላለሁ» አለ።

ሚስቱ ሒክመት የፀሐይ ዳቦዋን፣ ፀሐይ ላይ እንዲኮፋ ያሰጣችውን ሊጥ፣ ከጣሪያ ላይ እያወረደች ነበር። «ለምን?» አለችው።

«እኔ ሽማግሌ? ሒክመት፣ ታውቂኝ የለ? ቀብር ላይ እንኳ አፌን በመሀረብ ይዤ ነው የምቆመው።»

«አቡ ሚላድ» አለችው፣ በልጃቸው ስም እየጠራች፤ «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰው ቤት ተቀምጠህ ጥጥ ስትነድፍ ስንት ጉድ ሰምተሃል?»

«ብዙ።»

«ለማን ነገርክ?»

«ላንቺም አልነገርኩ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ስንቱን ዓመት ስታናድደኝ ኖርክ።» ዳቦውን አስቀምጣ እጇን አራገፈች። «በል ያንን ጥቁር ጀለቢያህን አምጣ፣ ልጠብልህ።»

በሳምንቱ ሸይኽ ዘኻሪ ከቄሱ ጋር ሊጠይቁት መጡ። ከመሾሙ በፊት እምነቱንና ኑሮውን መመርመር ደንብ ነው። ሒክመት ሻይ አቀረበች። ሸይኽ ዘኻሪ ሰዓታቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ጀመሩ።

«ሽማግሌ ማለት ምን ማለት ይመስልሃል?»

ቡሽራ አሰበ። «ሌላው ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ እሱ የማይሄድ ሰው ነው መሰለኝ።»

ሸይኽ ዘኻሪ ሻያቸውን ፉት አሉ። «እንዲህ አይመለስም። ግን ስህተት አልልህም። ሳቅህንስ ትተዋለህ?»

«እሞክራለሁ፣ ሸይኻችን።»

«አትዋሽ።»

«እንግዲያው አልተውም።»

«ይሄኛው ይሻላል» አሉና ሰዓታቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

እጅ ተጭኖበት፣ ተጸልዮለት ሸይኽ ቡሽራ ሆነ። በማግስቱ ጎረቤቱ፣ የመስጊዱ ሸይኽ ዐብደልሐፊዝ፣ መንገድ ላይ አገኘውና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ወይ ጣጣ። ከእንግዲህ ‹ሸይኽ› ብለው ሲጣሩ ሁለታችንም ዞር ልንል ነው። ለምግብ ከሆነ እኔን ነው፣ ለድካም ከሆነ አንተን ነው፤ ተስማማን?»

«አይ ጌታዬ፣ መጀመሪያ ለየትኛው እንደሆነ ጠይቄ ነው የምዞረው» አለ ቡሽራ።

የሽማግሌዎቹ ስብሰባ ግን ቀልድ አልነበረውም። ቀጣዩ የጌታ እራት ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሽማግሌ ቤት ለቤት ዞሮ የታመመውን ይጠይቃል፣ የተጣላውን ያስታርቃል። ሸይኽ ዘኻሪ ቤቶቹን ሲያከፋፍሉ የገጣስን ልጆች ለአዲሱ ሰው ሰጡ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

ቡሽራ እንዲህ ላለው ነገር ኮስተር ማለት ይገባል ብሎ አመነ። የታጠበውን ጥቁር ጀለቢያ ለበሰ፣ ግንባሩን ቋጠረ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ደረቱ ላይ አስደግፎ የሻኪርን በር አንኳኳ። ሻኪር በሩን ከፍቶ ገና ሲያየው ፊቱ አመድ ሆነ።

«ማን ሞተ?» አለ።

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የመሰልከው? ልቤን አቆምከው እኮ።»

ነገሩ እንዲህ ተጀምሮ ወዴት ይደርሳል? ቡሽራ ስለ ይቅርታ ያጠናውን ተናገረ፤ ግማሹ ጠፋበት። ሻኪር ሻይ አስመጣለት፤ በጨዋነት አዳምጦትም፣ «ለዚያ ሰውዬ እንዲህ ብለህ ንገርልኝ፦ ርግቦቹን ይያዛቸው፤ ዕፍረት ስለሌለው በእነሱ ይሸፈን» አለው።

ቡሽራ ከዚያ ወጥቶ ናጊ ቤት ገባ። ናጊ ገና ሳያስቀምጠው፣ «ከዚያ ማዶ ስትወጣ አይቼሃለሁ። ምን አለ?» ብሎ አፈጠጠበት። ቡሽራ በዕድሜው ሙሉ የሰማውን ሲደብቅ የኖረ ሰው ነው። ያን ቀን ግን አዲስ ሹመትና የጠበበ ጀለቢያ አደናግሮት የተባለውን ቃል በቃል ተናገረ። ናጊ ቡሽራን እስከ በር ሸኘው። በማግስቱ ጠዋት ግንበኛ ጠርቶ በሁለቱ ግቢዎች መሀል ያለውን አጥር በጭቃ ጡብ ከፍ አስደረገው።

ያን ጊዜ ቡሽራ ምግብ አልበላ አለው። መንደሩ አጥሩን እያየ ሲስቅ እሱ መሳቅ አቃተው። አመሻሽ ላይ ሸይኽ ዘኻሪ ቤት ሄዶ ናዕናዓቸውን ውሃ ሲያጠጡ አገኛቸው።

«ሸይኻችን፣ ሹመቱን መልሰው ይውሰዱልኝ» አላቸው። «አስታርቅ ብትሉኝ ግንብ አስገነባሁ።»

ሸይኽ ዘኻሪ ማጠጫውን አላስቀመጡም። «ሻኪር ሻይ ሰጠህ?»

«ሰጠኝ።»

«እኔ ስሄድ ያልሰጠኝን። ናጊስ እስከ በር ሸኘህ?»

«ሸኘኝ።»

«እኔን ውሻው ነው የሸኘኝ።» ውሃውን ወደ ሌላው መደብ አዞሩ። «ሰውን የሚያስታርቀው እግዚአብሔር ነው፤ ያንን ለሱ ተውለት። ያንተ ሥራ ደጁን አለመርሳት ነው። ነገም ሂድ፣ ከነገ ወዲያም ሂድ። እና ያንን ጀለቢያ አውልቅ፤ አስከሬን ነው የሚያስመስልህ።»

ቡሽራ ያኔ ነው እንደገና የሳቀው። ሸይኽ ዘኻሪ ግን ቀና ብለውም አላዩት።

ከዚያ ወዲህ የዘወትር ልብሱን ለብሶ ይመላለስ ጀመር። ስለ ርግብ አላነሳም። ሻኪር ቤት ገብቶ ያረጀ ትራስ ፈትቶ ያድስለታል። ናጊ ቤት ገብቶ ከልጆቹ ጋር ፉል ይበላል። ስለ አገዳው፣ ስለ ቦዩ ውሃ፣ ወታደር ቤት ስላለው ልጁ ስለ ሚላድ ያወራል፤ ሲነሳ አጭር ጸሎት ጸልዮ ይወጣል። አንዱ ስለ ሌላው ክፉ ሲናገር መዶሻው ጠፍቶበት እንደሚፈልግ ሰው መሬት መሬቱን ያያል። ሁለቱም ይጠብቁት ጀመር። ቀን ካለፈ፣ «ሸይኽ ቡሽራ ታመመ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ናጊ ነበር።

ፋሲካ አለፈ፤ የሻኪር ልጅ የናርጊስ የሰርግ ቀን ተቆረጠ። ቡሽራ ፍራሿን እንዲሰራ ተጠራ። በቀጠሮው ቀን ግን ሰማዩ ቢጫ ሆኖ አደረ፤ የኸማሲን ነፋስ ከበረሃው እየነፈሰ ነው።

«ዛሬ ጥጥ አይነደፍም» አለ ቡሽራ። «አውታሩ የሚያወጣው ባዘቶ ሁሉ ወደ ሰማይ ነው የሚሄደው።»

የናርጊስ እናት ኢንሳፍ ግን አልሰማችውም። «ሰርጉ ሐሙስ ነው! ልጄ መሬት ላይ ልትተኛ ነው? አጥሩ ከፍ ብሏል፣ ነፋሱን ይከልላል፤ ተቀመጥና ሥራህን ሥራ።»

ተቀመጠ። ሴቶቹ ከበቡት፣ ዘፈኑ ደመቀ፣ ባዘቶው እንደ አረፋ እየተከመረ አንድ ሙሉ ጉብታ ሆነ። ሻኪር ራሱ ወጥቶ በኩራት አጠገቡ ቆመ። በዚህ መሀል ነፋሱ በግቢው ጥግ ዞረና ጉብታውን ከሥሩ አንስቶ ተሸከመው። ግማሹ በቆሙት ሰዎች ላይ ተለጠፈ፤ ሌላው ግማሽ አጥሩን ዘሎ ናጊ ግቢ ገባ። ከማዶ የርግቦች መንጋ ተንፈራፍሮ ሲነሳና አንድ ሰው ሲሳደብ ተሰማ።

ኢንሳፍ ደረቷን ያዘች። የሙሽራ ጥጥ ተበትኖ ሰው ደጅ መቅረቱ ያስፈራት ነበር። ሻኪር ግን፣ «ይቅር! ከዚያ ቤት አንዲት ቁራጭ አልለምንም። ሌላ ጥጥ እገዛለሁ» አለ።

«ልግዛ ካልክ መብትህ ነው» አለ ቡሽራ ከሰሌኑ እየተነሳ። «እኔ ግን ጥጤ ወዴት እንደሄደ ማየት አለብኝ።» ደጋኑን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በውጭ በር ዞሮ ናጊ ግቢ ገባ።

ናጊ ከርግብ ግንቡ በመሰላል እየወረደ ነበር። ቡሽራ አየውና ጥርሱን ነከሰ። ቅንድቡ ነጭ፣ ጢሙ ነጭ፣ ጥምጣሙ የበግ ለምድ መስሏል። የምድጃው ድስት እንኳ በጥጥ ተሸፍኗል።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ናጊ። «ሙሉኺያ ወጤን ፍራሽ ልታደርጉት ነው? የማን ጥጥ ነው?»

«የናርጊስ ነው።»

«የቷ ናርጊስ?»

«የወንድምህ ልጅ። ሐሙስ ታገባለች።»

ናጊ እግሩ መጨረሻው የመሰላል ደረጃ ላይ እንዳለ ቆመ። ያቺን ልጅ ሕፃን ሳለች ትከሻው ላይ እያስቀመጠ ርግብ ያሳያት ነበር። መሄጃዋ ሲደርስ ግን ማንም አልነገረውም። ቡሽራ ሊስቅ የነበረው ሳቅ ከውስጡ ጠፋ፤ ሄዶ አጠገቡ ቆመ።

«ለማን ነው የዳሯት?» አለ ናጊ።

«ለአስተማሪው ልጅ። ጥሩ ልጅ ነው።»

ናጊ ጎንበስ አለና ጥጡን ከመሬት፣ ከምድጃው፣ ከቁጥቋጦው ላይ እየለቀመ የጀለቢያው እቅፍ ውስጥ መሰብሰብ ጀመረ። ሚስቱም ልጆቹም ያለ ቃል አብረውት ለቀሙ። ሲሞላ እቅፉን ለቡሽራ ዘረጋለት።

«እንካ።»

«በምን ልያዘው?» አለ ቡሽራ። «ይኸው ደጋን፣ ይኸው መዶሻ። እጄ ሞልቷል። እስከ በሩ አድርስልኝ።»

«እስከ በሩ ብቻ።»

«ማን ግባ አለህ?» አለ ቡሽራ።

ዞረው ሲደርሱ ሻኪር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እሱም ከአናቱ እስከ ጫማው ነጭ ሆኗል፤ ማንም አልነገረውም፣ ራሱም አላወቀም። ሁለቱ ወንድማማቾች ፊት ለፊት ተያዩ። ናጊ እቅፉን እንደያዘ ፈዞ ቀረ። ሟቹ አባታቸው በስተርጅና ጢማቸውና ቅንድባቸው እንዲሁ በረዶ መስሎ ነበር፤ ሁለቱም ልጆች ደግሞ ቁርጥ አባታቸውን ናቸው።

«አባዬን መሰልክ» አለ ናጊ።

ሻኪር ወንድሙን ከላይ እስከ ታች አየው። ሊያለቅስ ይሁን ሊስቅ አልታወቀም። «አንተ ደግሞ» አለ፣ «አባዬ ከወፍጮ ቤት የተመለሰ ቀን።»

ቡሽራ ከዚህ በላይ መቻል አልቻለም። በሩን ተደግፎ ሳቀ፤ ደጋኑ ከትከሻው እስኪወድቅ ሳቀ። ኢንሳፍ ሳቀች፣ ናርጊስ እያለቀሰች ሳቀች፣ ወንድማማቾቹም ጥጡን በመሀላቸው ጨፍልቀው ተቃቀፉ። ሻኪር ናጊን እጁን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባው።

ርግቦቹ ግን ገና አልተረሱም። ሻይ ተጠጥቶ፣ ሳቁ ሲበርድ ሻኪር ጉሮሮውን ጠረገ። «ያ የማር ነገር...» አለ።

«ማር አልቀባሁም» አለ ናጊ።

ነገሩ እንደገና ሊጋጋል ሆነ። ቡሽራ ባዘቶውን እየሰበሰበ ቀና ሳይል፣ «ለሰርጉ ምን ልትሰሩ ነው ኢንሳፍ?» ብሎ ጠየቀ።

«የበግ ሥጋ ነዋ» አለች።

ናጊ ወደ ግንቡ አየ፤ ቀጥሎ ወደ ወንድሙ። «በአረንጓዴ ስንዴ የተሞላ ርግብ የሌለበት ሰርግ ደግሞ ምን ሰርግ ነው?» አለ። «እኔ አመጣለሁ። ጫጩቶቹን ለሁለት እንካፈላለን፤ ትልልቆቹ ይበሉ።»

ሻኪር ትንሽ አሰበ። «ከተበሉ በኋላ የማን እንደነበሩ ማንም አይጠይቅም» አለ። በዚሁ ተስማሙ።

የጌታ እራት ከሰርጉ በፊት ባለው እሁድ ነበር። ቡሽራ የዳቦውን ሳህን ሲይዝ ያ የመጀመሪያው ነው። ናጊ በልማዱ በግራ በኩል ገብቶ ነበር። ሻኪር ግን ተነሳና መተላለፊያውን ተሻግሮ አጠገቡ ተቀመጠ። ቡሽራ ሳህኑን ለሻኪር ሰጠው፤ ሻኪር ቆርሶ ለናጊ አሳለፈው፤ ናጊ ወስዶ ለጎረቤቱ ሰጠ። ሳህኑ ከእጅ ወደ እጅ እስከ ዋዲዳ ድረስ ሄደ። ቡሽራ ሲቀበለው ፍርፋሪ ብቻ ነበር የቀረው። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ሸይኽ ዘኻሪ አጠገብ ሲቀመጥ አዛውንቱ ክንዱን ጨበጥ አድርገው ያዙት፤ የመጨረሻው መዝሙር እስኪያልቅም አልለቀቁትም።

ሐሙስ በሰርጉ ላይ ርግቦቹ ተበሉ። ሸይኽ ዐብደልሐፊዝም ተጋብዞ መጥቶ፣ ለምግብ የሚጠራው እሱ እንደሆነ ቡሽራን አስታውሶ አንዲት ተጨማሪ ርግብ ከፊቱ ወሰደበት። ሒክመት ደግሞ ማግስቱን ማማረር ጀመረች። ባሏ ገጣሶችን አስታረቀ የሚል ወሬ ከቦዩ ማዶ ተሻግሮ፣ ምሳ በቀረበ ቁጥር በር የሚያንኳኳ ሰው አልጠፋም።

ሸይኽ ዘኻሪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እግራቸው ደክሞ ቤት ዋሉ። ቡሽራ አዲስ ፍራሽ ሠራላቸው፤ ጥጡን ገጣሶች ሰጡ። ከሥራ ሲመለስ ጎራ ብሎ መጽሐፍ ያነብላቸዋል፣ ሲሳሳት ያርሙታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንብቦ ሊነሳ ሲል፣ «ነገ ወዴት ነህ?» አሉት።

«ከቦይ ማዶ። ባልና ሚስት ተኳርፈዋል።»

«በምን?»

«በራዲዮ ነው፣ ሸይኻችን። እሱ ዜና ይላል፣ እሷ ዘፈን ትላለች። አሁን ራዲዮው ፍየሎቹ ጋ ነው የሚያድረው።»

ሸይኽ ዘኻሪ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ። «ትራሱን ከፍ አድርግልኝ» አሉ። «ተቀመጥና ከመጀመሪያው ንገረኝ።»